በየቀኑ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትነዳ መኪና ባትሪዋ ለምን ይደክማል?

የሰሚት ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ። ባትሪው 35 አምፔር-ሰዓት፣ «ደረቅ» የሚባለው፣ ውሃ የማይጨመርበት ዓይነት ነው፤ ከተገጠመ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከቤት እስከ ሥራ ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ መንገድ ሲዘጋጋ 15 ደቂቃ ይፈጃል፣ ካልተዘጋ ከዚያም ያንሳል። የቀረው ጉዞ ልጆች ማድረስና አስቤዛ ነው። ሰሞኑን ጠዋት ላይ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እየከበደው ነው የሚዞረው። በቴስተር ሲለካ አድሮ 12.2 ቮልት፣ ሞተር ሲሠራ 14.1 ያሳያል። አንዱ ባለሙያ «አጭር መንገድ ስለምትነዳ ነው» ይላል፣ ሌላው «ባትሪው ፎርጅድ ነው፣ ቀይረው» ይላል። ከመቀየሬ በፊት ምን ምኑን ልፈትሽ? አጭር ጉዞ ባትሪ ይገድላል የሚባለውስ እውነት ነው?

ዲናሞ ቤት

እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሞተር ማስነሳቱ አይደለም።

መጀመሪያ ቁጥሮችህን እንያቸው። አድሮ የተለካ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ልኩ በግምት ይህ ነው፦ 12.6 ወይም 12.7 ሙሉ፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ፣ ከ11.9 በታች ባዶ። ያንተ ግማሹን ይዞ ነው የሚያድረው። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ስለሚመስል «12 ካለ ምን ችግር አለው» ይባላል። ችግር አለው።

አሁን አስላው። የቪትዝ ሞተሪኖ 150 አምፔር ቢስብና አንድ ሰከንድ ተኩል ቢዞር 225 አምፔር-ሰከንድ ይሆናል፤ ለ3600 ሲካፈል 0.06 አምፔር-ሰዓት ነው። በቀን አራት ጊዜ ብታስነሳ ሩብ አምፔር-ሰዓት ገደማ። ይህን ዲናሞው (ሞተር ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) በጥቂት ደቂቃ ይተካዋል።

ዕዳው የሚከማቸው ከሌላ ቦታ ነው። መኪና ተቆልፋ ቆማም አላርሙ፣ ሰዓቱ፣ ሬዲዮውና ኮምፒውተሩ ይስባሉ። ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ጤናማ ነው፤ 40 ብንል በ23 ሰዓት 0.9 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ልጆች እስኪወጡ ሞተር ጠፍቶ ሬዲዮና የውስጥ መብራት 15 ደቂቃ ቢበሩ፣ በ5 አምፔር ሌላ 1.25። ሦስቱ ሲደመሩ በቀን 2.4 አምፔር-ሰዓት ወጥቷል ማለት ነው። የሚገባውስ? በአጠቃላይ ግማሽ ሰዓት ብትነዳና ባትሪው በአማካይ 5 አምፔር ቢቀበል 2.5 ይገባል፤ ከገባው ውስጥ 15 በመቶ ያህሉ ስለሚባክን የሚቀመጠው 2.1 ነው። በቀን 0.3 ጎደለ። በወር 9 አምፔር-ሰዓት፣ ማለትም የባትሪህ ሩብ።

ሶኬት

በዲናሞ ቤት ስሌት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጉድለቱ ባትሪው ባዶ እስኪሆን ድረስ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ባትሪ በጎደለ ቁጥር ብዙ መቀበል ይችላል፤ ሊሞላ ሲቃረብ 2 ወይም 3 አምፔር ብቻ የሚወስደው ባትሪ 70 በመቶ ላይ ሲሆን በዚያው 14.1 ቮልት 10 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ገቢና ወጪው ይተካከልና ባትሪው ሳይሞላም ሳይሞትም እዚያው ይቆያል። መኪናዋ በየጠዋቱ ስለምትነሳ ባለቤቱ ሁሉም ነገር ደህና ይመስለዋል። ባትሪውን የሚጨርሰው ይህ ሳይሞላ መክረሙ ነው።

ለምን ቢባል፣ ባትሪ ኃይል ሲሰጥ ፕሌቶቹ (ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች) ላይ ሊድ ሰልፌት ይፈጠራል። ይህ መደበኛ ሥራው ነው፤ ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ተመልሶ ይለወጣል። ለሳምንታት ሳይነካ ሲቀር ግን ደቃቁ ቅንጣት እየተያያዘ ጠጣር ክሪስታል ይሆናል። ጠጣሩ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ በዲናሞ ቮልትም በቀላሉ አይመለስም። የፕሌቱ ገጽ በዚያው ልክ ከሥራ ይወጣል፤ 35 የነበረው 25 ይሆናል። የውስጥ ተቃውሞውም ስለሚጨምር ሞተሪኖው ሲስብ ቮልቱ ከሚገባው በላይ ይወርዳል። «ከበደው» ያልከው ይህ ነው።

ብዙ የማይወራለት ሌላ ጉዳት አለ፦ አሲዱ ወደ ታች መዝቀጡ። ቻርጅ ሲደረግ ከፕሌቶቹ የሚወጣው አሲድ ከውሃው ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርዳል። ባትሪ ሊሞላ ሲል የሚወጡት የጋዝ አረፋዎች ናቸው መልሰው የሚያደባልቁት። አጭር ጉዞ እዚያ ደረጃ ላይ ፈጽሞ አይደርስም። ስለዚህ ከታች አሲዱ ወፍሮ ፕሌቱን ይበላል፣ ከላይ ቀጥኖ ፕሌቱን ሥራ ያስፈታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ቴስተርን ማሳሳቱ ነው፤ እንዲህ የሆነ ባትሪ 12.5 እያሳየ ሲጫነው ይወድቃል። ቮልት ብቻ አይቶ «ባትሪው ጥሩ ነው» የሚል ሰው ያልፈተሸው ነገር አለ።

ሜትር ታክሲ 22

ይህ ሁሉ ሂሳብ ጥሩ ነው፤ መፍትሔው ግን ቀላል ይመስለኛል። ጠዋት ቀደም ብሎ አስነስቶ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) ማቆየት። ሞተሩም ይሞቃል፣ ባትሪውም ይሞላል። እኛ ቀኑን ሙሉ እየነዳን ባትሪ ሦስት አራት ዓመት ያገለግለናል።

ዲናሞ ቤት

ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ መንዳትህ ነው ያዳነህ፤ ሚኒሞው አይደለም።

ዲናሞ ላይ 80 አምፔር ቢጻፍም ይህ ሞተሩ በደንብ ሲዞር ነው። ሚኒሞ ላይ ሲሞቅ ከግማሽ በታች ነው የሚሰጠው፤ 35 አምፔር ብለን እንያዝ። ከዚያ ላይ ወጪውን ቀንስ፦ የነዳጅ ፓምፕ፣ ኢንጀክተርና ካንዴላ 10 አምፔር ገደማ፤ የፊት መብራት ሁለቱ ባለ 55 ዋት አምፖሎች 9፤ የኋላና የዳሽቦርድ መብራት 3፤ የመስታወት ጤዛ ማጥፊያ ንፋሱ በትልቁ 12፤ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ሌላ 12፤ ዝናብ መጥረጊያ 4፤ የራዲያተር ቬንትሌተር ሲነሳ 8። ሐምሌ ላይ በምሽት ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ተዘግቶ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ በአንዴ ነው የሚከፍተው። ድምሩ 58 ነው። የጎደለውን 23 አምፔር የሚሰጠው ባትሪው ነው፤ ሞተር እየሠራ ባትሪ ይወርዳል ማለት ነው።

ሁሉንም አጥፍተህ ብታቆማትም እንኳ 20 ደቂቃ አይበቃም። ከ80 በመቶ በኋላ ያለውን የሚወስነው ዲናሞው አይደለም፣ ባትሪው የሚቀበልበት ፍጥነት ነው። ያ የመጨረሻው 20 በመቶ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ሞተር በማስጮህ አያጥርም። ያተረፍከው የተቃጠለ ቤንዚን ብቻ ነው፤ በደንብ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተርም ዘይቱ ውስጥ ቤንዚንና ውሃ ያጠራቅማል፣ የጭስ ማውጫውን ከውስጥ ያዝገዋል።

ሜትር ታክሲ 22

እሺ፣ ሚኒሞው ላይ ገባኝ። ረጅም መንገድስ? እሁድ ቢሾፍቱ ደርሶ መምጣት ይበቃዋል?

ሶኬት

በእጅጉ ይረዳል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ሞተሩ በደንብ እየዞረ፣ መብራትና ማሞቂያ ሳይበዛ ስለሆነ። ከ75 ወደ 90 በመቶ ሊያደርሰው ይችላል። ለሙሉው ግን ቻርጀር ነው የሚያስፈልገው። በሳምንት አንዴ ረጅም መንገድ የሚወጣና በየሁለት ወሩ ሌሊቱን ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ባትሪው ጥሩ ዕድሜ ይኖረዋል። ረጅም መንገድ የማይወጣ በየወሩ፣ በክረምት ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ።

ብሌን ኤም

የሰሚት ልጅ፣ ባትሪ ሳትገዛ በፊት ይህን በቅደም ተከተሉ ሥራ። ቴስተርና 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃሃል።

በቅድሚያ ተርሚናሎቹን እይ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ ወይም ማሰሪያው በእጅ ሲነቀነቅ የሚዞር ከሆነ ሌላው ልኬት ሁሉ ይዛባል። ኔጋቲቩን አስቀድመህ ፍታ፤ ፖዘቲቩን ቀድመህ ብትፈታ ቁልፉ ቦዲ ሲነካ እሳት ይተፋል። አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ኩባያ ውሃ በጥብጠህ በጥርስ ብሩሽ እጠብ፤ ባትሪው ክዳን ካለው ጠብታ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። በውሃ አለቅልቀህ አድርቅ፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፋቅ፣ ፖዘቲቩን አስቀድመህ እሰር፣ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ቀባው። ቫዝሊኑ ከማሰር በፊት ከሆነ መሐል ይገባል።

ቀጥሎ የዲናሞውን በጭነት። ሞተሩ ሞቆ የፊት መብራት፣ ንፋስ በትልቁና የኋላ መስታወት ማሞቂያ ክፈት። ሚኒሞ ላይ ለካ፣ ከዚያ ወደ 2000 ዙር ከፍ አድርገህ ለካ። 2000 ላይ ከ13.5 በታች ከሆነ ወይ ቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቷል፣ ወይ ዲናሞው ደክሟል፣ ወይ መስመሩ ላይ ተቃውሞ አለ። ያለ ጭነት የተለካው 14.1 ይህን አይነግርህም።

መስመሩን ለማወቅ እዚያው ጭነቱ ላይ እያለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የዲናሞው ትልቁ ቡሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ አድርግ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ በመሐል ያለው ገመድ ወይም ማሰሪያ ኃይሉን እየበላው ነው። ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ደግሞ ከ0.2 መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ማሳው (የኔጋቲቩ መስመር) ነው፤ የሞተሩን ማሳ ገመድ ፈትተህ ዝገቱን ፍቀህ መልሰህ እሰር።

ከዚያ ቆማ የምትስበው። ኮፈኑን ክፈት፣ ቁልፉን ከመኪናው አርቅ፣ በሮቹን ቆልፍ። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ ቀዩን ሽቦ ወደዚያው ቀዳዳ አዛውር። አንዱን ጫፍ ኔጋቲቭ ራሱ ላይ፣ ሌላውን ማሰሪያው ላይ ይዘህ ማሰሪያውን ቀስ ብለህ አንሳ፤ ግንኙነቱ ካልተቋረጠ ኮምፒውተሮቹ አይነቁም። ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቅ። መጀመሪያ ከፍ ብሎ እየወረደ ይሄዳል። ከ50 ሚሊአምፔር በታች ካረፈ ጥሩ ነው፤ ካለፈ ፊዩዝ አንድ በአንድ እያወጣህ የትኛው ሲወጣ እንደሚወርድ ተመልከት። ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ እያለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክር፤ የቴስተሩ ፊዩዝ ወይም ራሱ ቴስተሩ ይቃጠላል።

በመጨረሻ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገህ የማስነሻ ፈተና። ሌላ ሰው እያስነሳ አንተ ባትሪው ራሶች ላይ ቮልቱን ተከታተል። ከ10.5 በላይ ከቆየ ጤነኛ ነው፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ዕድሜው አልቋል። ግማሽ በያዘ ባትሪ የተሠራ ፈተና ግን ምንም አያረጋግጥም። ብዙ ባትሪ ሳያረጅ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው።

አውቶ ኤሌክትሪክ ጀሞ

ብሌን ሁሉንም ብላዋለች። አንድ ልመናዬ፣ እባካችሁ ዲናሞ ለመሞከር ብላችሁ ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ አትንቀሉ፣ ሌላ ሰውም እንዲነቅል አትፍቀዱ። በካርቡሬተር ዘመን የተለመደ ነበር። ባትሪው በድንገት ሲነሳ ዲናሞው የሚሰጠው ቮልት ለቅጽበት ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል፤ ኮምፒውተሩንና የዲናሞውን ሬጉሌተር ያቃጥላል። ቴስተር እያለ ለዚህ ምንም ምክንያት የለም።

የሰሚት ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተገኘው ይህ ነው። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ዱቄት ነበረ፣ ታጥቧል። ከዲናሞ እስከ ባትሪ ከማጠቡ በፊት 0.5፣ ከታጠበ በኋላ 0.1። በጭነት ሚኒሞ ላይ 13.0፣ 2000 ላይ 13.9። ቆማ የምትስበው 95 ሚሊአምፔር፤ የሬዲዮው ፊዩዝ ሲወጣ ወደ 30 ይወርዳል። ቀጣዩ ቻርጅ ማድረግ ነው፤ ግን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሶኬት የለም።

ብሌን ኤም

ዋናው ጥፋት ተገኝቷል። 95 ሚሊአምፔር በ23 ሰዓት 2.2 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ዲናሞ ቤት ካሰላው ከእጥፍ በላይ። በዚያ ላይ መስመሩ ላይ ይባክን የነበረው ግማሽ ቮልት አለ። ባትሪው ዘንድ ይደርስ የነበረው ቮልት በዚያው ልክ አንሶ ነበር፤ በረጅም መንገድ ያን ያህል አይጎዳም፣ 15 ደቂቃ ብቻ ለምትሠራ መኪና ግን ብዙ ነው።

ሬዲዮው በኋላ የተገጠመ ባለ ስክሪን ከሆነ ቢጫውና ቀዩ ሽቦ አብረው ታስረው ይሆናል። ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ያለበት መስመር ላይ፣ ቀዩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኘው ላይ መሆን አለበት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታሰሩ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ውስጡ ግን አይተኛም። ጂፒኤስና የዳሽቦርድ ካሜራ የገጠማችሁም ይህንኑ ፈትሹ።

ሶኬት

ለኮንዶሚኒየሙ፦ የዚያ ባትሪ ክብደት 10 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ፈትቶ ወደ ላይ ማውጣት ይቻላል። ቀጥ አድርገህ ተሸከም፣ አትጋድመው። በረንዳ ላይ እንጂ መኝታ ቤት ወይም ወጥ ቤት ውስጥ አታስቀምጥ፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፣ ከክብሪትና ከከሰል ይራቅ። ልጆች የማይደርሱበት ይሁን።

የቻርጀሩ አምፔር የባትሪው አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ለ35 አምፔር-ሰዓት 3.5 ወይም 4 አምፔር። መጀመሪያ መቆንጠጫዎቹን እሰር፣ ቀዩ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ላይ፣ ከዚያ ሶኬቱን ሰካ። ስታነሳ ተቃራኒው፦ ሶኬቱ ይቅደም። ካልሆነ መቆንጠጫው ሲነሳ የሚወጣው ብልጭታ ጋዙ አጠገብ ነው።

ከግማሽ የተነሳ ባትሪ 17 አምፔር-ሰዓት ይጎድለዋል፤ ብክነቱን ጨምረህ 20 አድርገው። በ4 አምፔር 5 ሰዓት ይመስላል፣ ነገር ግን መጨረሻ ላይ ጅረቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ስጠው። በራሱ የሚቆም ቻርጀር 14.4 ቮልት አካባቢ አቆይቶ ወደ 13.6 ይወርዳል። በራሱ የማይቆም ከሆነ የሚገባው ጅረት ከግማሽ አምፔር በታች ሲወርድ ወይም ለሁለት ሦስት ሰዓት ሳይለወጥ ሲቆይ ሞልቷል። ባትሪው በእጅ ሲነካ ከሞቀ አቋርጥ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንድ ቻርጀር ዳግመኛ ቁልፉ ካልተነካ አይጀምርም፤ ማለዳ ሞልቷል ብለህ ከማንሳትህ በፊት እየሠራ መሆኑን አረጋግጥ።

ከነቀልከው በኋላ አራት አምስት ሰዓት አሳርፈህ ለካ። 12.6 ካለ ጥሩ። ካንድ ቀን በኋላ ወደ 12.3 ከወረደ ምንም ሳይስብበት ራሱን እየጨረሰ ነው። 10.5 አካባቢ ከቆመ ደግሞ ባትሪው ውስጥ ካሉት ስድስት ሴሎች (ክፍሎች) አንዱ ሞቷል፤ ለዚያ መድኃኒት የለም።

ጋራዥ ወስደህ በ30 አምፔር «ቡስት» አታስደርገው። አንድ ሰዓት በትልቅ ጅረት መኪናዋን ያስነሳታል፤ የከረመውን ሰልፌት ግን አይመልስም፣ ፕሌቱን ያሞቃል።

ካንዴላ

የውሃ ባትሪ ያላችሁ ከቮልት ይልቅ ሃይድሮሜትር (የአሲዱን ውፍረት የሚለካውን) እመኑ። ሙሉ ባትሪ 1.265 አካባቢ ነው፣ ግማሽ 1.190። ስድስቱንም ሴል ለኩ፤ ከትልቁና ከትንሹ መካከል ከ0.050 በላይ ልዩነት ካለ፣ ቻርጅ ከተደረገ በኋላም ካልተስተካከለ ያ ሴል ተበላሽቷል።

የጎደለ ሲሞላ የባትሪ ውሃ፣ ማለት ዲስቲልድ ብቻ። የቧንቧም የታሸገ ሃይላንድም አይሆንም፤ ማዕድን አለባቸው፣ ፕሌቱን ያበላሻሉ። የሚሞላው ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው፤ ፕሌቱ ከተገለጠ ግን እሱን ብቻ እስኪሸፍን አስቀድማችሁ አፍሱ። አሲድ በፍጹም አትጨምሩ። አሲዱ አልጠፋም፤ ሰልፌት ሆኖ ፕሌቱ ላይ ነው ያለው። አሲድ የተጨመረበት ባትሪ ለጥቂት ሳምንት ይበረታና ፕሌቱ ተበልቶ ያልቃል።

ዴራ ዱባይ

እዚህ በሙቀቱ የተነሳ ነገሩ ይለያል። የባትሪ ውስጥ መበላሸት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይፈጥናል፤ ኮፈን ሥር ነሐሴ ላይ ያለውን ገምቱ። አጭር ጉዞ ከሙቀቱ ጋር ሲደመር ሁለት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ጥሩ ነው ይባላል። ድሬዳዋና ሰመራ ያላችሁም ከአዲስ አበባ ይልቅ ለእኛ ትቀርባላችሁ። ጥላ ውስጥ ማቆምና ከሞተር ሙቀት የሚከልለውን ሽፋን ፈትቶ አለመጣል ዋጋ አለው።

ሚኒያፖሊስ

በብርድ አገር ላላችሁ ደግሞ ሙሉ ባትሪ እንኳ −18 ሴልሺየስ ላይ በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ግማሽ ያህሉን ነው የሚሰጠው፤ ቻርጅም በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። የወንበርና የመስታወት ማሞቂያ እየበራ አምስት ደቂቃ ነድቶ ማጥፋት ባትሪውን ያራቁተዋል። ግማሽ የያዘ ባትሪ −25 አካባቢ ሊረጋ ይችላል፣ ሙሉው ግን ከ−50 በታች ነው። ጎኑ ያበጠ የረጋ ባትሪ ላይ ኬብልም ቻርጀርም አታድርጉ፤ ይፈነዳል።

ሜትር ታክሲ 22

አሁን ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚገዛው። እነሱ ከዚህ ነፃ ናቸው?

ብሌን ኤም

ከግማሹ ነፃ ናቸው። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ትልቁን የሊቲየም ባትሪ አጭር ጉዞ አይጎዳውም፤ በትንሹ እየወረደ በትንሹ መሞላቱ እንዲያውም ይስማማዋል። ነገር ግን እነሱም ውስጥ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለ፤ በሮቹን፣ ኮምፒውተሩንና የትልቁን ባትሪ ማገናኛ የሚያሠራው እሱ ነው። እሱ ካለቀ ትልቁ 80 በመቶ ይዞ መኪናዋ አትነሳም።

ዲናሞ የላቸውም፤ 12 ቮልቱ የሚሞላው መኪናዋ ለመነዳት ተዘጋጅታ ስትበራ፣ ብዙዎቹ ላይም ሶኬት ላይ ስትሰካ ነው። ስለዚህ ሳምንታት የምትቆም ከሆነ አልፎ አልፎ አብሯት ወይም ሰክታችሁ አቆዩአት። ሬዲዮ ብቻ ከፍቶ ውስጥ መቀመጥ 12 ቮልቱን ይጨርሳል፤ ሙሉ በሙሉ አብርቶ መቀመጥ ይሻላል። አንዳንድ ቢዋይዲ ላይ ይህ ትንሹም ራሱ ሊቲየም ነው፤ ለእርሳስ ባትሪ የተሠራ ቻርጀር፣ በተለይ «ሰልፌት ማጥፊያ» የሚል ቁልፍ ያለው፣ እሱ ላይ አይደረግም። ተለጣፊውን አንብቡ።

ቆሞ እያለ ሞተር የሚያጠፉት አዳዲስ የቤንዚን መኪኖችም ላይ ጥንቃቄ አለ። ኢኤፍቢ ወይም ኤጂኤም የተጻፈበት ባትሪ ካላቸው ሲቀየርም ያው ዓይነት ነው መሆን ያለበት፤ ተራው ቶሎ ያልቃል። እነዚህ ላይ ዲናሞው ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን አውቆ ስለሚያወርድ ስትነዱ 12.8 ብታዩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍቱት። ፍጥነት ስትቀንሱ ወደ ላይ ከወጣ እየሠራ ነው።

የሰሚት ልጅ

ባትሪው ሞልቶ አርፎ 12.6 ሆኗል፤ ሲነሳ ዝቅ ያለው 10.0 ነው። የሬዲዮው ሽቦም ተለያይቷል። ለጊዜው ይቆይልኝ። መቀየሩ ሲመጣ 60 አምፔር-ሰዓት ብገጥምበት አጭሩ ጉዞ አይጎዳውም?

ዲናሞ ቤት

10.0 ለአሁኑ ይሠራል፤ የተወሰነ አቅሙን ግን አጥቷል፣ በየወሩ ቻርጅ አድርገው። በሐምሌና በታኅሣሥ ጠዋቶች ነው የሚፈተነው።

ስለ ትልቁ፦ ዲናሞውን አይጎዳውም፤ ከቦታው ጋር ከገጠመም ጥፋት የለውም። ነገር ግን የምትመልስለት ኃይል ያው 15 ደቂቃ የሚሰጠው ነው። የቀን ጉድለቱ አይቀየርም፣ እስኪጎድል ብቻ ይዘገያል። የ60ው ባትሪ ከሚበልጠው ዋጋ ጥሩ ቻርጀር ብትገዛበት ይሻላል።

ስትገዛ ላዩ ላይ ያለውን ኮድ ተመልከት። 34ቢ19ኤል የሚል ከሆነ 34 የአቅም ደረጃው ነው፣ ቢ የወርዱና የቁመቱ መደብ፣ 19 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር፣ ኤል ፖዘቲቩ በየት በኩል እንዳለ የሚያመለክት። ኤልን በአር ብትቀይር ገመዱ አይደርስም፤ ሰው ገመድ ጎትቶ ያስርና ከኮፈኑ ብረት ጋር ይነካካል። መጨረሻው ላይ ኤስ ካለ ራሶቹ ወፍራም ናቸው፤ የቪትዝ ማሰሪያ ለቀጭኑ ከሆነ አይገባም፣ በመዶሻ አትምታው፣ ራሱ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ሱቁ ውስጥ በቴስተር አስለካ፤ ከ12.4 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል፣ ሌላ ጠይቅ።

ማቀፊያ ብረቱንም ሳትረሳ አጥብቅ። ኮብልስቶን ላይ የሚንቀጠቀጥ ባትሪ ፕሌቱ ላይ ያለው ሊጥ እየረገፈ ታች ይጠራቀምና ሴሉን ያገናኘዋል።

አውቶ ኤሌክትሪክ ጀሞ

ባትሪ ተፈትቶ ከተመለሰ በኋላ ቪትዟ ለጥቂት ደቂቃ ሚኒሞዋ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጥ፤ ኮምፒውተሩ የያዘው ልክ ስለጠፋ ነው። ሁሉንም ጭነት አጥፍተህ ቬንትሌተሩ አንዴ እስኪነሳ አቆያት፣ ከዚያ ንዳት። የሾፌሩ መስታወት በአንድ ንክኪ እስከ ላይ አልወጣ ካለ ቁልፉን ይዘህ ሙሉ በሙሉ ዝጋውና ሁለት ሦስት ሰከንድ እንደያዝክ ቆይ፤ ይመለሳል። ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ኮዱን ሳትይዝ ገመዱን አትፍታ።